የእናቴ የመጨረሻ ጫጩቶች

እናቴ ዓይኗ መድከሙን ለማንም አልተናገረችም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቷ ካገባችበት ጊዜ ጀምሮ ስለኖረች እያንዳንዱን ጥግ በእጇ ታውቀዋለች። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ስባ ታስቀምጣለች፣ ውሃ ቀድታ ታቀርባለች፣ እስከ በር ድረስ ትሸኛለች፤ ምንም የጎደላት ሰው አትመስልም ነበር። የሆዷ ፍሬ የሆንኩት እኔ እንኳ ያወቅኩት፣ አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ ፊት ለፊቷ ዝም ብዬ ስቆም «ማነው እሱ?» ብላ ወደ መስኮቱ ዞራ ስትጠይቅ ነው። ደነገጥኩ፤ ደንግጬም ተቆጣኋት። እኔ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን አሉን። እናቴ ጠብታውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችና «የቀረው ይበቃኛል፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። ምን ያህል እንደቀረ ጠየቅኳት። «ለእኔ የሚበቃ» አለችኝ። ከእናቴ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው፤ እንዲያውም ግድግዳ ይሻላል፣ መልስ አይሰጥም።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ዓረብ አገር ነው። ሰው ከሩቅ ሲሆን ማዘዝ ይቀለዋል። ደውሎ «እማ ብቻዋን መኖር የለባትም። ቤቱ ይከራይና አንቺ ጋ ኮምቦልቻ ትውረድ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ የጅቡቲን መንገድ ያውቀዋል። ዳዴ ማለት የጀመረች ሴት ልጅ አለችን። ሥራ ስገባ ልጄን የምተዋት አከራያችን ዘንድ ሲሆን፣ ሴትዮዋ ልጅቷን በተቀበለችኝ ቁጥር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን ታጨማድዳለች። እናቴ ብትወርድ ልጄ በአያቷ እጅ ታድጋለች፣ እኔም ልቤ ሳይሰቀል እሠራለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ይህን ስነግራት «ልጅሽን እወዳታለሁ፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ግን አልችለውም» አለች። ሙቀቱ ሰበብ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በሰው ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ መውጫ መግቢያውን በማታውቀው ቦታ ዕውር ሆና መኖር ነው የፈራችው። በቤቷ ግን ዕውር አልነበረችም።

ያን ሰሞን አንዲት ገብስማ ዶሮዋ እንቁላል መጣል አቁማ ጎጆዋ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ነበር። ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፤ ልታቅፍ ፈልጋለች ማለት ነው። ወንድሜ እንደ ልማዱ ደውሎ ሲጨቃጨቅ፣ እናቴ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አስደረገችና እንዲህ አለች፦

«ስሙኝ ሁለታችሁም። ይቺን ዶሮ አስታቅፋታለሁ። የሚፈለፈሉትን ማንም ሳያግዘኝ ቆጥ እስኪወጡ ካሳደግኳቸው፣ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ውጪ የሚለኝ እንዳይኖር። ካልሆነልኝ በሬን ራሴ ቆልፌ እወርዳለሁ። ወላሂ!»

እናቴ ወላሂ ካለች አለቀ። ወንድሜ በስልክ ውስጥ ሳቀ። «እሺ እማ፣ በዶሮ ይሁንልሽ» አለ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፊቷን እያየሁ ነበርና።

ተርኪ የመጣው በእኔ በኩል ነው። አብራኝ የምትሠራ የሐርቡ ልጅ አለች፤ ቤተሰቦቿ ተርኪ የሚሉትን ያን ትልቅ ዶሮ ያረባሉ። ስለ እናቴ ውል ሳጫውታት ጥቂት እንቁላል አመጣችልኝ። በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ትንፋሼን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። እናቴ አንዱን እንቁላል በመዳፏ መዘነችው።

«ይኼ የምን እንቁላል ነው?»

«የተርኪ።»

«ተርኪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ትልቅ ዶሮ ነው እማ። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ቆዳ የሚንጠለጠልበት።»

«የምትነግሪኝስ አሞራ ነው» አለች። «ለመሆኑ ሐላል ነው?»

«ሐላል ነው። ዶሮ ነው አልኩሽ እኮ!»

እንደ ድሮዋ እንቁላሉን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ውስጡን ልታይ ሞከረች። ከዚያ አወረደችው።

የተርኪ እንቁላል ለመፈልፈል ከዶሮው አንድ ሳምንት ያህል ይበልጣል። ስለዚህ እናቴ አስቀድማ የተርኪውን አስታቀፈች፤ ሳምንት ሲሞላው የዶሮውን ጨመረችበት። ከጎጆው ሥር ለቅማሉ ዐመድ ነሰነሰች፣ በላዩ ጭድ አደረገች። ገብስማዋ ለመብላትና ለመጠጣት ካልሆነ በቀር አልተነሳችም። እናቴም ካጠገቧ ብዙም አትርቅም ነበር። አንዳንዴ እጇን ቀስ አድርጋ ከዶሮዋ ሆድ ሥር ትሰዳለች፤ ዶሮዋም እኔን እንደምትነክሰኝ አትነክሳትም። የእናቴን እጅ ለምዳዋለች።

ሲፈለፈሉ እኔም ነበርኩ። የመጣው ጎረቤት ሁሉ ጥሬ ሊበትን ሲሞክር እናቴ ትቆጣ ነበር። ጫጩት ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው የሚወጣው፤ በመጀመሪያው ቀን ማብላት ማሳመም ነው። በማግስቱ የተቀቀለ እንቁላል በጣቷ ፈርፍራ ከጤፍ ጋር ሰጠቻቸው። ውሃውን በጠፍጣፋ ሳህን አድርጋ፣ ወድቀው እንዳይሰምጡ ጠጠር ደረደረችበት። የዶሮዎቹ ጫጩቶች ወዲያው እህሉን ለቃቀሙት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንዲሉ፣ እነሱ አስተማሪ አያሻቸውም።

ተርኪዎቹ ግን ጉድ ናቸው። እህሉ ላይ ቆመው ይራባሉ። ዓይናቸው ያያል፣ አፋቸው አያነሳም። ሲያዩት ያስቃል፣ ከዚያ ያናድዳል፤ አንዱ እኔ እያየሁት እህል በሞላው ሰፌድ ላይ ደክሞ ተኛ። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በጥፍሯ ሰፌዱን እንደ ዶሮ አፍ ትመታው ጀመር። እየመታች እንደ እናት ዶሮ በጉሮሮዋ ትጠራቸዋለች። ወገቧን እያመማት፣ ሶላት ሲደርስ ብቻ እየተነሳች፣ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋለች። ማምሻው ላይ የደከመው ተርኪ የጥፍሯን ጫፍ ነከሰ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለችውን እህል። እናቴ እንደ ልጅ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የተርኪዎቹ ቀለብ የእሷ ጥበብ ሆነ። ከጓሮ ሳማ በባዶ እጇ ትለቅማለች፤ «ራሱ ለብልቦ እዚህ ነኝ የሚለኝ ቅጠል እሱ ብቻ ነው» ትል ነበር። ቀቅላ፣ ከትፋ፣ ከአይብ ጋር ትለውስላቸዋለች። ሐርቡ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ አሮጌ እንስራ ውስጥ እርጥብ ጭድና እበት ጨምራ ኩይሳ ላይ እየደፋች፣ ምስጥ ሲሞላው በጆግ ገልብጣ ታመጣልኝ ነበር። ለጫጩት ከምስጥ የሚበልጥ ሥጋ የለም። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ የጆጉ ክዳን ተከፍቶ ምስጡ በአንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው እስከ ደሴ ድረስ እግሩን እያራገፈ ሰደበኝ፤ ለእናቴ ስነግራት «ዋናው ምስጡ መትረፉ ነው» አለች።

ስንት እንደተፈለፈሉ ግን አላውቅም። ጣቴን ቀስሬ ልቆጥር ስጀምር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ የሰማች ይመስል «ተይ!» አለችኝ። «ጫጩት አይቆጠርም። ቁጥር በረካ ይነሳል፣ ዓይንም ይጠራል። ማሻአላህ በይና ዝም በይ።» ደሴም ሆነ ገጠሩ፣ ልጅና እንስሳ ቆጥሮ ስንት ነው የሚል ሰው እንደማይወደድ አውቃለሁ። ቢሆንም አበሳጨኝ። ቤትን ያህል ነገር የተያዘበት ውል፣ የጎደለና የሞላው በማይታወቅ ነገር ላይ ቆመ።

አጥር የሚያዋስኑን ጎረቤታችን የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ የላቸውም። እሳቸው ክርስቲያን፣ እናቴ ሙስሊም። አንዷ ያረደችውን ሌላዋ አትቀምስም፤ አንዷ ያለቀሰችበትን ግን ሌላዋ ሳታለቅስ ቀርታ አታውቅም። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ውሉን ሲሰሙ «ማንም ሳያግዘኝ ማለትሽ እኔንም ነው እንዴ?» ብለው እናቴን ጠየቋት። «አንቺንማ በተለይ!» አለቻቸው። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ከአጥሩ ላይ ሆነው ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው።

ዕረፍት በሆንኩ ቁጥር ልጄን አዝዬ እወጣለሁ። ጫጩቶቹ ላባ እያወጡ ነው። ተርኪዎቹ ከገብስማዋ ይልቅ የእናቴን እግር እናት አድርገውታል። ማዕድ ቤት ስትገባ ይከተሏታል፣ ስትወጣ ይከተሏታል፤ ውዱእ ስታደርግ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ከበዋት ይቆማሉ። እሷም ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በዝግታ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። «ከልጆቼ ሁሉ የሚታዘዙኝ እነዚህ ናቸው» እያለች ትተርበኛለች። እኔ በሯ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። እንድታሸንፍ እፈልግ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስመለስ ደግሞ የአከራዬን ፊት ሳስብ እንድትሸነፍ እመኝ ነበር።

አንድ ቀን ስመጣ ከተርኪዎቹ አንዱ የለም። የት ሄደ አልኩ።

«ጭላት ወሰደው» አለች እናቴ፣ እጇን እያጠበች።

ከአጥሩ ማዶ እትዬ «አዎ፣ በዓይኔ አየሁት! እንዲህ ብሎ ወርዶ!» አሉ፤ በእጃቸውም አወራረዱን አሳዩኝ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በሚቀጥለው ስመጣ ሌላ ተርኪ ጎድሏል፤ አሁን ደግሞ ድመት ነው ተባለ። ከጫጩቶቹ መካከል ደግሞ ከዚህ ቀደም አይቻቸው የማላውቃቸው ነጫጮች አሉ። ለብቻቸው ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ወደ እህሉ ሲመጡ ገብስማዋ አናታቸውን እየነከሰች ታባርራቸዋለች።

«እማ፣ እነዚህ ነጫጮቹ ከየት መጡ?»

«ከእንቁላል ነዋ። ከየት ሊመጡ ኖሯል?»

«ባለፈው አልነበሩም እኮ።»

«ቆጥረሽ ነበር?»

አልቆጠርኩም፤ እንዳልቆጥር ከልክላኛለች። እትዬም የዚያን ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አላሉም።

ሰኔ ገባ። የደሴን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም። አንድ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ዕረፍት ላይ ሳለሁ እትዬ ደወሉ። ስልክ መደወል አይወዱም፤ ድምፃቸውን ስሰማ እናቴ የሞተች መሰለኝ።

«ነይ እባክሽ» አሉ። «ጫጩቶቹ እያለቁ ነው። እናትሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች።»

ፈቃድ ለምኜ፣ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ፈንግል ነበር። ዶሮ ያረባ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቀጥሎ የሚጠይቀው ነገር የለውም። መጀመሪያ ያነጠሱት ነጮቹ እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። እኔ ስደርስ ነጮቹ አልቀው ሌሎቹ ጀምረዋል። ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አረንጓዴ እያስቀመጡ ነው። የአንዳንዶቹ አንገት ተጠማዞ አናታቸው ወደ ጀርባቸው ዞሯል፤ ለመራመድ ሲሞክሩ ባሉበት ይሽከረከራሉ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ከሎሚ ጋር በውሃቸው ጨምራ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርቼ አመጣሁ። ባለሙያው ከበር ሳያልፍ ተመለከተና «ክትባቱ ከበሽታው በፊት ነበር። አሁን የታመመውን ካልታመመው መለየት ብቻ ነው» አለ። ያልታመመ አልነበረም።

አንድ መንገደኛ ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ «ሳይበክቱ ይታረዱ እንጂ፣ ምነው ትፈጇቸዋላችሁ?» አለ። ቢላ ይዞ ሊመጣም ፈለገ። እናቴ ቀና ሳትል «በሽታ ለሰው አላበላም» አለችው። የቀረው አንድ ተርኪ ጭኗ ላይ ነበር። የተላወሰ ሳማ በጣቷ አፉ ዘንድ ታደርስለታለች፣ እሱ ደግሞ አንገቱ ስለዞረ አፉ አይገኝም። ጣቷ አናቱን፣ ጀርባውን፣ ዓይኑን ይነካል። «እዚህ ነው፣ ብላ እንጂ» ትለዋለች። እኔ ይህን ቆሜ ማየት አቃተኝና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ሞቷል፤ እሷ ግን ጣቷን አላነሳችም። ገብስማዋም ክንፏን የሞቱት ላይ ዘርግታ ሞተች።

ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እያካፋ ነበር፤ ዶማው ከጭቃው ጋር ይጣበቃል። ልጄን እናቴ አልጋ ላይ አስተኝቻታለሁ። እትዬ በጆንያ እየሞሉ ሬሳዎቹን አመጡልኝ፤ እሳቸው ዐመድ ይበትናሉ፣ እኔ አፈር እመልሳለሁ። ድንገት ዐመዱን ጥለው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ የጨረስኳቸው» አሉ። «በማርያም፣ እኔ ነኝ!»

የሚሉት አልገባኝም።

«ከአጥሩ ላይ ሆኜ አየኋት። ጥሬውን ይዛ ስትወጣ እግሯ ሥር ገቡ። ያ የዘንጋዳ ቀለም ያለው፣ ያ ተርኪው። ረገጠችው። አላወቀችም፣ ጥሬውን በተነች። በጓሮ በር ገብቼ በቀሚሴ ሸፍኜ አወጣሁት። ከዚያ ደግሞ ጫጩት ረገጠች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ተርኪ ከየት አባቴ ላምጣ? ጭላት ነው፣ ድመት ነው አልኳት። ጫጩቱን ግን ከሰኞ ገበያ እየገዛሁ ተካሁላት። እሷ እንደሁ አትቆጥርም፣ አታውቅም አልኩ። በሽታ ገዝቼ እንደምገባ በምን ልወቅ? እሷ ከዚህ ቤት ከሄደች እኔስ ማን አለኝ?»

ተቆጣሁ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አልኳቸው። «እናቴንም እንደዚያ አደረጓት!» ሌላም ልጨምር ነበር። እጃቸውን አየሁት፤ እስከ ክንዳቸው ጭቃና ዐመድ ነው። ክፉ ቃሌን ዋጥኩና አንስቼ አቆምኳቸው። የቀረውን አፈር አብረን መለስን።

ወደ ቤት ስገባ ልቤ ቆርጦ ነበር። እናቴ በዚህ ቤት ትኖራለች። የረገጠችውን አላወቀችም፤ አታውቅም። ሁሉንም ፈንግል ጨረሰው እላታለሁ፣ ፈንግል ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። ለልጄ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ወንድሜንም እኔ አሳምነዋለሁ። ይህን ስወስን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል አለኝ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ስሚኝ። ይኼ በሽታ ነው። አንቺ በደንብ አሳድገሻቸው ነበር፤ ሁላችንም አይተናል። ውሉ ቀርቷል። እዚሁ ኑሪ፣ የሚነካሽ የለም።»

«ነገረችሽ?» አለችኝ።

«ማን? ምኑን?»

«ተይ እንግዲህ ልጄ።» ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዓይኔ እንጂ እግሬ ታወረ እንዴ? መጀመሪያ ጨርቅ የረገጥኩ መሰለኝ። ከዚያ ከሥሬ ድምፁን ሰማሁ። እግሬን ላንሳው ወይስ ልተወው፣ ግራ ገባኝ። እሷ በጓሮ በር ስትገባ ሰማኋት፤ ትንፋሿን ይዛ ስታነሳው ሰማኋት። እንዳላወቀ ሰው ጥሬውን በተንኩ።»

«ለምን አልነገርሺኝም?»

«መቅረት ፈልጌ።»

ነጮቹንም ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ድምፃቸው ሌላ፣ አረጋገጣቸው ሌላ። አትቁጠሪ ያልኩሽ መጀመሪያ ለበረካው ነበር። በኋላ ግን እንዳትደርሺበት ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ። ፈንግሉ የሱ ሥራ ነው፣ አልከራከረውም። እነዚያ ግን የኔ ናቸው። በጄ አጉርሼ በግሬ ገደልኳቸው።» መቀነቷን ፈታ መልሳ አጠበቀች። «ማወቄን ለሷ እንዳትነግሪያት። ደግ የሠራች ይመስላታል፤ እንዲሁ ይምሰላት።»

ከዚያ በኋላ ምንም ብላት አልሰማችኝም። ወላሂ ብላ ነበር፤ የማለችበትን ፈጸመች። ዕቃዋን ጠቀለልን። በሩን ራሷ ቆለፈች። እትዬ እስከ መኪናው ድረስ እየደጋገፉ ሸኟት፤ ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ቆሙና አንዳቸውም ስለ ጫጩት ሳያነሱ ተለያዩ። ሐረጎን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮቱ መግባት ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አወለቀችና አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እስክንደርስ ድረስ አልተናገረችም።

በማግስቱ ፈረቃዬ ነበር። ክፍላችንን በእጇ አስዳሰስኳት፤ በሩ እዚህ፣ ውሃው እዚህ፣ የልጅቷ ወተት እዚህ። ልጄ ወለሉ ላይ ዳዴ እያለች ትጫወታለች። እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሮቿን ቀሚሷ ሥር ሰብስባ ተቀመጠች።

«የት ናት?» አለችኝ።

«ይኸው፣ መሬት ላይ። አጠገብሽ።»

«መሬት ላይ የቱ ጋ?»

ልጄ አልጋውን ይዛ ቆመች፤ ትንሽ እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች። እናቴ የብርድ ልብሱን መሳብ ሲሰማት ይበልጥ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«ውሰጃት» አለች። «ለአከራይሽ ስጪያት። እኔ ጋ አትተያት።»

«እማ፣ ሥራ ረፍዶብኛል። ዝም ብለሽ አልጋው ላይ ያዣት፣ መነሳት የለብሽም።»

«ውሃ እጠማለሁ። ሶላት አለብኝ። መነሳቴ አይቀርም።» ጉንጯ እርጥብ ነበር። «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ውሰጃት።»

ልጄን አንስቼ ወጣሁ። ልጅቷ እስከ አከራዬ በር ድረስ ወደ ኋላ እያየች አለቀሰች። ሴትዮዋ ከፍታ አየችንና ፊቷን አጨማደደች።

«እናትሽ መጥተውልሽ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«መጥታለች» አልኳትና ልጄን አቀብያት ወደ ሥራ ሄድኩ።